ነገ ተሳፋሪ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለፀሐይወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ረዘም ይላል፤ አጥፌ ለበስሁት። ጉንፋኑ ለቆኛል። በደንብ ትበላለህ ወይ ላልሽው፣ አከራዬ ወይዘሮ የብርጓል ዓሣ ያልገባበት ወጥ አታውቅምና ሐይቁ እስካልደረቀ ድረስ አልራብም። ግሽ አባይ ሰፈር ያለችው ክፍሌም አታፈስም። የጠየቅሽኝ ሁሉ ይኸው አለቀ፤ አሁን ተራው የኔ ነው።

ከአዲስ አበባ አዘዘ የሚባል ፊልም ሠሪ መጥቶ ነበር። ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም፣ የያዘው ድርሰት ግን ዘጠና ገጽ ነው። የሚያስቅ ፊልም ነው ይላል፤ ስሙም «ነገ ተሳፋሪ»። ዘመን ያለፈበት አንድ ተዋናይ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ተመድቦ ይቀራል። ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ባለ ቁጥር አንዴ አውቶቡሱ ያመልጠዋል፣ አንዴ የይለፍ ወረቀቱን ፍየል ይበላበታል። ለሰው ሁሉ «ነገ ተሳፋሪ ነኝ» እንዳለ ያረጃል። ሰውየውን አንተ ካልተጫወትኸው ፊልሙ አይሠራም አለኝ። ከስንቱ ተዋናይ መሐል እንዴት እኔን እንዳገኘኝ እንጃ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውየውን አልወደድሁትም። ልፍስፍስ ነው። ለአንድ ማኅተም ሲል የጽሕፈት ቤት ዘበኛ ሁሉ ይለማመጣል። እኔም የጆንያ ፋብሪካውን የኪነት ቡድን ለስድስት ወር አጠናክር ተብዬ መጥቼ ይኸው አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግን እንዲህ አልሆንሁም። ተወልደህ ያደግህበት ሐይቅ ነው፣ ምን ይከፋሃል ይሉኛል። ከደቅ ደሴት ዳዊቴን ይዤ የወጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

አዘዘ አንድ ቃል ገብቶልኛል። ፊልሙ ከተወደደ አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤቱ በስሜ ጠርቶ ይጠይቀኛል፤ ያኔ ፋብሪካው አልለቅም ማለት አይችልም። ስለዚህ ልፍስፍስ ሁን ካሉኝ እሆናለሁ። ሁለት ቀን ካስጠበቅሁት በኋላ እሺ አልሁት። ተዋናይ ሳይለመን አይነሳም።

ያንቺው አለበል


አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአለበል፣

ደብዳቤህ በገና ማግስት ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር፣ አሁንም አትጠይቀኝ። ቴአትር ቤቱ የልብስ ክፍል ውስጥ ያ የንጉሥ ካባህ እንደተሰቀለ ነው። ብል እንዳይበላው ናፍታሌን አደርግለታለሁ። አዲሶቹ ልጆች የማን ነው ይሉኛል፤ እግሩ ብቻ ከመጋረጃው ሥር ሲታይ አዳራሹ በሳቅ የሚፈርስለት ሰው ነበር እላቸዋለሁ። አያምኑኝም።

አዘዘ ከስንቱ ተዋናይ መሐል እንዴት እኔን አገኘኝ ላልከው፣ ስምህ ገና አልሞተም ብለህ ያዘው። ከዚህ በላይ አትመርምረኝ።

አሁን ደግሞ ሳትቀየመኝ ስማኝ። ቀበሌ ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩኝ። የቤቱ አባወራ የት ነው ይሉኛል፤ ይመጣል እላቸዋለሁ። ለምን አንቺ አትሄጂም ይሉኛል። ቤቱን ለቅቄ ብመጣ በማግስቱ ለሌላ ይሰጡትና አንተ የምትመለስበት ይጠፋል። ይህን ስንት ጊዜ ተነጋግረናል። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት አንተ የምትገባበት በር እንዳይዘጋ ነው።

ግን ደክሞኛል። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አልጋው ላይ አሁንም ጥጌን ይዤ ነው የምተኛው፤ መሐል መተኛት ከለመድኩ እንዳትመጣ ፈርቼ ነው። እስከ መስከረም እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ባል አለኝ ማለቱን እተወዋለሁ። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም፤ ብቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን እንደምንም አሳምረህ ሥራ። ከተጻፈልህም አትውጣ። ሰው ሲያጨበጭብልህ የማትሆነው እንደሌለ አውቃለሁ፤ አንዴ መድረክ ላይ ጫማህን አውልቀህ ለተመልካቹ ወርውረህ በባዶ እግርህ ቤት ገብተሃል፣ ያውም እኔ የገዛሁልህን።

ፀሐይወርቅ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፀሐይዬ፣

እስከ መስከረም ያልሽውን ሰምቻለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? መስከረምን አብረን እንውላለን።

ቀረጻው ሊያልቅ ነው። ሐይቁ ዳር ሦስት ሳምንት ዋልን። አውቶቡስ ያመለጠው ሰውዬ በታንኳ ጎርጎራ ልሻገር ብሎ ሻንጣውን ይዞ የሚሳፈርበት ቦታ አለ። አዘዘ የደንገሉ ታንኳ ለዓይን ያምራል ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ላይ አሳደረው። ባለታንኳው ደንገሉ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ውሃ ይጠጣል ብሎ ቢመክር ማን ሰምቶት! አሥራ አንድ ጊዜ አስቀረጸኝ። በአሥራ አንደኛው ቀስ እያልን ሰጠምን፣ እኔም ሻንጣውም ታንኳውም። ፊልም አንሺው ግን ማንሳቱን አላቆመም። ሹራብሽ ደርቋል፤ አሁን እጅጌው ይበልጥ ረዝሟል።

ሹራቡን ለማውራት አልነበረም የተነሳሁት። ትናንት የቀረጽነው ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ያስገባል። እሑድ ሲመሽ አንድ በአንድ አውጥቶ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ካልሲውን እንኳ ጥንድ ጥንዱን። አዘዘ «በየሳምንቱ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ አስረዳኝ። ሠራተኞቹ ከካሜራው ኋላ ሆነው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማታ ግን እህል አልበላ አለኝ። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። ለየብርጓል አልነገርሁም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ለአንቺ ብቻ ጻፍሁ፣ ያውም ከሁለት ዓመት በፊት።

ፀሐይ፣ ሰውየው እኔ ነኝ?

አለበል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

አለበል፣

አዎ፣ አንተ ነህ። ደብዳቤዎችህን አነበብኩለት።

ልጁ ልብስ ሊዋስ ልብስ ክፍል መጣና ካባህን አየ። የማን ነው ሲለኝ እንደ ሌላው ጊዜ ነገርኩት። ይሄኛው ግን አመነኝ፤ አሁን የት ነው አለኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? በማግስቱ አርባ ሁለቱንም ደብዳቤ በሳጥን ይዤለት መጣሁ። የሰው ጆሮ የማይገባውን እየዘለልኩ አነበብኩለት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዘበኛውን መለማመጥህን፣ የፍየሏን ነገር ስሰማው ከልቤ ሳቅኩ። ብቻዬን ሳነበው ያለቀስኩበት ሁሉ ለሁለት ሲነበብ አሳቀን። ይህን ያህል የሚያስቅ ባል እንዳለኝ ረስቼው ነበር።

ቀድሜ ብነግርህ እምቢ ትል ነበር፤ ኩራትህን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የደበቅኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ። የምጠይቅህም ከልቤ ነው። ግን በዚህ ምክንያት ከመጣህልኝ እንደማይቆጨኝ አልደብቅህም። ልፍስፍስ አይደለህም። አራት ዓመት ሻንጣ ማሰናዳት የልፍስፍስ ሥራ አይደለም።

ፀሐይወርቅ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ፣

ለምን ጠፋህ ላልሽው፣ ተኳርፈን አይደለም። ያንን ነገር ከፋሲካ በፊት ይቅር ብዬሻለሁ፤ መጻፉ ነው የከበደኝ። ፊልሙ ታየ ወይ ላልሽው፣ ታየ። ሳቁ ወይ ላልሽው፣ አልሳቁም።

ከመነሻው ልንገርሽ። ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ስድስት መቶ ሰው ነበር፤ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎችም ተጋብዘው መጥተዋል። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ አገኘሁ ከፊት ወንበር ማስታወሻ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። መብራቱ ጠፋ። ፍየሏ ወረቀቱን በላች፤ ዝም። ዘበኛው አባረረኝ፤ ዝም። ስድስት መቶው ሰው የሚያየው ፊልሙን አልነበረም፣ የጓድ አገኘሁን ማጅራት ነበር። እሱ ከሳቀ ሊስቁ። እሱ ግን ይጽፋል። ታንኳው ሲሰጥም አንዱ አመለጠውና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ወይዘሮ የብርጓል ከኋላ ሆና «ምነው ይሄን ምስኪን ባይጫወቱበት» እያለች ታለቅሳለች።

ጥፋቱን ሁሉ በሰው ላይ ማላከክ ደግሞ አልወድም። ራሴን አየሁት ፀሐይ። ያቺ ቅንድቤን አንስቼ ሳቅ የምጠብቅባት ነገር፣ ያኔ አዳራሽ የምታፈርሰው፣ አርጅታለች። ለእኔም ለራሴ ሳቅ አልመጣልኝም።

መብራቱ ሲበራ ሂስ ተጀመረ። እንደምታውቂው የምርት ጉድለትም ሆነ የሠርግ ድግስ ያለ ሂስ አያልፍም። አንዱ ተነሥቶ ተዋናዩ ከሠርቶ አደሩ ይልቅ ለአውቶቡስ ይጨነቃል አለ። ከሽመና ክፍል አንዲት ሴት ጓድ አለበል ቅዳሜ ቅዳሜ ሻንጣ ማሰናዳቱን ያቁም አለች። አዘዘ ላቡን እየጠረገ ጓዶች፣ ይህ እኮ ድርሰት የፈጠረው ሰው ነው፣ እውነተኛ ሰው አይደለም ብሎ ለመናቸው። ጓድ አገኘሁ ደብተሩን ከደነና፣

«ድርሰት የፈጠረው ሰው እዚህ አዳራሽ የለም። ጓድ አለበል ግን አለ። ስለዚህ ግለ ሂሱን ጓድ አለበል ያድርግ» አለ።

ተነሣሁ። ሁለት ቃል ብዬ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ፤ በልጄ ስም እምላለሁ እንዳልል ልጅ የለንም፣ በአንቺ እምላለሁ። ግን ዘወር ስል ስድስት መቶ ሰው እኔን ብቻ ያያል። አራት ዓመት እንዲህ ታይቼ አላውቅም። ለዚያ ሰውዬ ጥፋት ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሁ። አዲስ አበባን ደረቴ ውስጥ ደብቄ የኖርሁ አድርባይ ነኝ አልሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ከፍ አደረግሁ፣ የት ቦታ መሰበር እንዳለበት አውቃለሁና እዚያ ጋ ሰበርሁት። ከእንግዲህ ዝውውር ብዬ አልጠይቅም፣ አጥንቴ እዚህ ይቀበር አልሁ። ሴቶቹ አነቡ። ሌላም ሌላም ተናገርሁ፤ ሁሉንም አላስታውሰውም። ስጨርስ ቆመው አጨበጨቡ። እንደ ድሮው ነበር፤ ጆሮዬ ውስጥ እስከ ንጋት ሲጮኽ አደረ።

አዘዘ በማግስቱ ሲሄድ ዓይኔን አላየኝም። ፊልሙን ቀይር ብለውታል። ዝውውሩም ትንሽ ተጠላልፏል። ሲጣራ እጽፍልሻለሁ።

አለበል


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 10 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጓድ አለበል፣

ሲጣራ እጽፋለሁ ያልከው እኔ ዘንድ ተጣርቶ መጥቷል። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ለመሥሪያ ቤቴ ደርሶ አስጠርተው አነበቡልኝ። አላስታውሰውም ያልከውን «ሌላም ሌላም» ላስታውስህ፤ ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል። «ጓድ አለበል፣ ባለቤታቸውም በአዲስ አበባ ያላቸውን ቤትና ሥራ በገዛ ፈቃዳቸው ትተው ከፋብሪካው ሠርቶ አደር ጎን ለመሰለፍ የወሰኑ መሆኑን በጉባኤው ፊት አረጋግጠዋል። ጉባኤው ይህን አርአያነት በጭብጨባ ተቀብሏል።» ከሥሩ ፊርማህ አለ። አሳምረህ ነው የፈረምከው።

ከመስከረም 1 ጀምሮ ጆንያ ስፌት ክፍል ተመድቤያለሁ። ኃላፊያችን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ቀበሌዎቹ ትናንት አንድ ሰው ይዘው መጥተው ክፍላችንን በእርምጃ ለኩት፤ ሰውየው መስኮቱን ከፍቶ ዘጋና ወደደው።

እኔ መቼ ነው የወሰንኩት? የትኛው ደብዳቤ ላይ? በሩ እንዳይዘጋብህ ብዬ አራት ዓመት በር ሆኜ ቆምኩልህ። አንተ ደግሞ ንግግርህ እንዲያምር እኔን ጨመርክበት። ስንት ደቂቃ አጨበጨቡልህ? ጻፍልኝ። የሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ስንት ደቂቃ ጭብጨባ እንደሚያወጣ ልወቀው።

የኔንም ጥፋት አልክድም። ደብዳቤህን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን እኔ የሰጠሁት እንድትመጣ ነው።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ በአፍህ ያሰርከውን በአፍህ ፍታው።

ፀሐይወርቅ


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፀሐይዬ፣

ይህን በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ የየብርጓል እኅት አደይ ለሕክምና ስትመጣ በእጇ ታደርስልሻለች። አንብበሽ አቃጥዪው።

ስንት ደቂቃ ላልሽው፣ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ይቅርታ ብዬ አላስቀይምሽም፤ ቃሉ ያንሳል። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አላልሽኝም። ከዚህ የከፋ ነገር ስለሌለኝ ይህንኑ እነግርሻለሁ። ንግግሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ክንድ የሚያህል ነገር ጎደለውና እጄ የገባውን ጨመርሁ፤ አንቺ ነበርሽ።

በአፍህ ፍታው ብለሻል። ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ የመናገር ዕድል ጠየቅሁ። ወይዘሮ የብርጓል ስለ ማርያም ብላ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር፤ ወስደው ያስሩሃል ብላ። እኔም ፈርቼ ነበር። ስንቄን ጠቅልዬ፣ ብርድ ልብሴን አጥፌ ነው የሄድሁት።

በዚህ ጊዜ ትወና አላስገባሁም። እጄን ኪሴ ከተትሁ። ድምፄንም እንደመጣ ተውሁት። «ጓዶች፣ በግንቦት የተናገርሁት ውሸት ነው። ትወና ነበር። ሚስቴ ምንም አልወሰነችም፣ ምንም አታውቅም። እኔም እዚህ መኖር አልፈልግም። ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው» አልሁ።

ዝም አሉ። ያ የማውቀው ዝምታ። ከዚያ የጓድ አገኘሁ ትከሻ ሲነቃነቅ አየሁ። ተቆጣ ብዬ ነበር። እየሳቀ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ይገድለናል! ልክ እንደ ፊልሙ እኮ ነው!» አለ። እሱ ከሳቀማ ምን ቀራቸው? አዳራሹ ፈረሰ። እውነቴን ነው ብዬ ማልሁ፤ ባሰባቸው። ሚካኤልን ብዬ ጠራሁ፤ ሆዳቸውን ያዙ። እንባዬ መጣ፤ ያቺ ከሽመና ክፍል ያልሁሽ ሴት ከአግዳሚው ወደቀች። በግንቦት ያልሳቁትን ሁሉ በሐምሌ ሳቁልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እያለቀስሁ፣ አንቺን እያሰብሁ፣ ጆሮዬ ለአንድ አፍታ ደስ አለው። ይህንንም ይቅር በዪኝ፣ ከቻልሽ።

ስብሰባው ሲበተን ጸሐፊውን ለምኜ ቃለ ጉባኤውን አየሁት። «ጓድ አለበል አጭር የሚያስቅ ትርኢት አቅርበው ጉባኤው ተዝናንቷል» ይላል። ስለ አንቺ አንድም ቃል የለም። በየወሩ አንድ ትርኢት እንዳቀርብም ተወስኗል።

አትምጪ። እምቢ በያቸው። ሥራውን ቢያስለቅቁሽም እምቢ በዪ። ባል አለኝ ማለቱንም ዛሬውኑ ተዪው። አልወቅስሽም።

አለበል


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

አለበል፣

አደይ ደብዳቤህን አድርሳልኛለች፤ ሐኪሙም በጎ ነው ብሏታል። ይህንንም ስትመለስ እሷው ታደርስልሃለች። እንዳልከው አቃጠልኩት።

እምቢ ለማለት ሄጄ ነበር። ልብስ ክፍል ስገባ ወንበሬ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ በኔ መቀስ ትቆርጣለች። እትዬ፣ አልሄዱም እንዴ አለችኝ። ቤቱንም ለኩት ላልኩህ ሰው ፈርመውለታል፤ ከጳጉሜን በፊት እንድለቅ ነግረውኛል። የይለፍ ወረቀቱ በአንድ ጠዋት አለቀልኝ። አንተን አራት ዓመት ያለፋህ ማኅተም ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ወረፋም የለው። መሄጃ ብቻ ብለው በቀይ ጽፈውበታል።

ፊልሙን አየሁት። በአንደኛው ሳምንት፣ በከሰዓቱ፣ አሥራ አንድ ሰው ሆነን። የሚያስቅ ፊልም የሚለው ተፍቆ ትምህርታዊ ተብሏል። መጨረሻው ላይ ሰውየው ጆንያ ተሸክሞ ይስቃል፤ ሳቁ ያንተ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ያመጡት ድምፅ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ወጣ። አዘዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላም ብዬው አለፍኩ፤ እሱም የሚሄድበት ያለው አይመስልም።

ነሐሴ 28 ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ አድሬ 29 ከሰዓት እደርሳለሁ። አልጋውን ሸጬዋለሁ። አልታረቅኩህም፤ ይቅር እንዳልኩህም አታስብ። የምመጣው ሌላ በር ስለሌለኝ ነው። ናፍቀኸኛልም፤ ይህንንም ብደብቅህ ውሸት ይሆናል።

መናኸሪያው ድረስ ብቻህን ና። የኪነት ቡድኑን ይዘህ እንዳትቀበለኝ፣ አበባ እንዳታሲዛቸው። እንዳታስቀኝም። ስወርድ አለቅሳለሁ፤ ዝም ብለህ ቁምልኝ።

ፀሐይወርቅ